አሸነፍክ፤ ግን በማን?

ቀይ ጨርቅ ተነጥፏል፤ በላዩ ጥቁር ሰማያዊ መስመር ተሰምሯል። ሁለት መኳንንት ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ እጅ ለእጅ እየተሻሙ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ ፈረሱን ሲያወጣ ሌላው አይቶ እግረኛውን ይገፋል፤ ያኛው ደግሞ ይህን አይቶ ፈረሱን ይመልሳል። ዙሪያውን የቆመው ሰውም ዝም አይልም። ይመክራል፣ ይጮኻል፣ ሲብስበት እጁን ሰዶ ጠጠሩን ራሱ ያነሣል።

ይህ ሰንጠረዥ ነው። ዛሬ «ሰንጠረዥ» ሲባል የቢሮ ሰው የሚታየው ቁጥር የሚሞላበት ባለ ሳጥን ወረቀት ነው። ከጣልያን ወረራ በፊት ግን ቃሉ በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ግቢ የሚዘወተር የኢትዮጵያ ቼዝ ስም ነበር። ሥሩ ከሌላው ዓለም ቼዝ ጋር አንድ ነው፤ ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዓረብ አገር በኩል የመጣ ነው። አፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱት እንደነበር ተጽፏል። እንግዲህ ጨዋታው በዚህ አገር ከዛሬ 500 ዓመት ገደማ በፊት የታወቀ ነበር ማለት ነው።

ስለ ሰንጠረዥ ብዙ ጊዜ የሚወራው ከላይ የታየው ግርግር ነው። የመክፈቻው ክፍል «ወረራ» ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም የፈለጉትን ያህል፣ በፈለጉት ፍጥነት ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ያርማል። ደም ሲፈስ፣ ማለትም የመጀመሪያው ጠጠር ሲነሣ፣ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው በተራ በተራ ይሆናል።

ከወረራው ይልቅ ብዙ የሚያስተምረው ግን የጨዋታው መጨረሻ ነው። በሰንጠረዥ ማሸነፍ ሁሉ አንድ አይደለም።

*

ጠጠሮቹ እነዚህ ናቸው፤ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደር እና መደቅ። ደር እንደ ዛሬው ቼዝ ቤተ መንግሥት ቀጥ ብሎ የቻለውን ያህል ይጓዛል። ፈረስ የታወቀው ፈረስ ነው። ከሁሉም ጉልበት ያላቸው እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ፈርዝ ዛሬ ንግሥቲቱ በምትቆምበት ቦታ ይቆማል፤ ነገር ግን ኃይሉ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። ፊል ዝሆን ነው፤ በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል። መደቅ ደግሞ እግረኛው፣ ባላገሩ፣ አንድ አንድ እርምጃ የሚሄደው ነው።

እንግዲህ የተጋጣሚን ንጉሥ በደር ወይም በፈረስ የያዘ ሰው አሸንፏል። ማንም አይክደውም። ነገር ግን ማንም አያጨበጭብለትም፤ እንዲህ ያለው አሸናፊነት ወዝ የሌለው ተደርጎ ይቆጠር ነበር። በፈርዝ ወይም በፊል የያዘ ይከበራል። እግረኞቹን አቀናጅቶ ንጉሡን በመደቅ ያጠመደ ግን ሲወራለት ይኖራል። ጥያቄው «አሸነፍክ ወይ?» ሳይሆን «በማን አሸነፍክ?» ነው።

ሌላም ሕግ አለ። የተጋጣሚን ሠራዊት ሙልጭ አድርጎ በልቶ ንጉሡን ብቻውን ማስቀረት አያዋጣም፤ ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይያዝምና። ከንጉሡ ጋር አንድ አጃቢ ብቻ የቀረ እንደሆነ ደግሞ አሸናፊው ሊቸኩል ይገባዋል፤ ያ አጃቢ ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት ነገሩን መጨረስ አለበት። ስለዚህ ጎበዝ ተጫዋች ማለት ሁሉን የሚበላ አይደለም። ምን እንደሚበላና ምን እንደሚተው የሚያውቅ ነው።

እነዚህ ሕጎች ጀማሪውን ምን እንደሚያስተምሩት እናስብ። ክብሩ ለማንኛውም አሸናፊ እኩል ቢሰጥ ኖሮ፣ ጀማሪው በሁለቱ ደሮችና በሁለቱ ፈረሶች ላይ ብቻ ይሠለጥን ነበር። ስምንቱ መደቆች መሥዋዕት ከመሆን ያለፈ ሥራ አይኖራቸውም። ክብሩ ከታች ስለተቀመጠ ግን ጀማሪው ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ስለ ደካሞቹ ይጨነቃል። መደቁን በከንቱ አይሰጥም፤ በመጨረሻ የሚያስፈልገው እሱ ነው። የተጋጣሚውንም አጃቢ በስግብግብነት አይጨርስም፤ ከጨረሰ የሚይዘው ንጉሥ የለውም። መካሪ «ለደካማው አስብ፣ ልክህን እወቅ» እያለ ዓመት ሙሉ ቢሰብክ የማያደርሰውን፣ የሽልማቱ ሕግ በአንድ ወቅት ያደርሰዋል።

*

ስለ ሰንጠረዥ በዓይናቸው አይተው ከጻፉት የውጭ ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ዋልተር ፕላውደን ነው። በ1835 ዓ.ም ገደማ ከጓደኛው ከጆን ቤል ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ በኋላም የአገሩ ቆንስል ሆነ፤ በራስ ዓሊ፣ ቀጥሎም በዳግማዊ ቴዎድሮስ ዘመን እዚሁ ኖረ። ማስታወሻው መጽሐፍ ሆኖ የወጣው እ.ኤ.አ በ1868 ነው፤ እሱ ራሱ ግን አላየውም። በ1852 ዓ.ም ከጎንደር ሲወጣ በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ያመፀው የገረድ ሰዎች አግኝተው አቆሰሉት፤ በቁስሉም ሞተ። ጓደኛው ቤልም ብዙ አልቆየ። አፄ ቴዎድሮስ ገረድን ሊበቀሉ ወደ ሰሜን ተራሮች ግርጌ በዘመቱ ጊዜ፣ ንጉሡን ሲከላከል ወደቀ። ገረድም ሞተ። ከዚያ በኋላ ደባርቅ ላይ በምርኮኞች ላይ የተወሰደው ቅጣት በዚያ ዘመን ከሚነሡት ከባድ ቅጣቶች አንዱ ነው። ብቻውን የቀረ ንጉሥ የማይያዝበትን ጨዋታ የመዘገበው ሰው ዕድሜው ያለቀው፣ ምርኮኛ በማይተርፍበት ዘመን ነበር።

ከፕላውደን በፊት ደግሞ ሄንሪ ሶልት አለ። እ.ኤ.አ በ1805 ሕንጣሎ ላይ ከትግሬው ገዥ ከራስ ወልደ ሥላሴ ግቢ ገብቶ ራስ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቷል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ወፍራም ናቸው። ጠጠር ሲበላ በኃይል ተመትቶ ይነሣል። ጫጫታው አይጣል ነው፤ በዙሪያው ያለ ሁሉ፣ ባሮቹ ሳይቀሩ፣ ሐሳብ ይሰጣል፣ ጠጠር እያነሣ «እንዲህ ቢሆን» ይላል። ሶልት ከሁሉ ይልቅ የታዘበው ግን አንድ ነገር ነው፤ ተጫዋቾቹ በብልሃት እያደረጉ፣ በእያንዳንዱ ጨዋታ ራስ እንዲያሸንፉ ያደርጋሉ።

እዚህ ላይ ሁለት የሽልማት ሕግ ተፋጧል። በጨርቁ ላይ ያለው ሕግ «በመደቅ ያሸነፈ ይከበራል» ይላል። ከጨርቁ ውጭ ያለው ሕግ ደግሞ «ራስን ያስደሰተ ይሾማል» ይላል። ሹመትና ጉልት የሚገኘው ከሁለተኛው ነው። ስለዚህ በዚያ ግቢ ያደገ ወጣት የሚማረው ሰንጠረዥ ሳይሆን መሸነፍን ማስመሰል ነው። እሱም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ ሶልት እንኳን በብልሃቱ ተደንቋል። የሚያሳዝነው ራስ ናቸው። ከሁሉ በላይ የተጫወቱት እሳቸው ሆነው፣ ጨዋታውን ምን ያህል እንደሚችሉ የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም።

ይህን አደጋ ባላገሩ ቀድሞ የገባው ይመስላል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። በገና ሜዳ ሎሌው የጌታውን ቅልጥም በጨንገር ቢመታ፣ ጥንጓን ቢቀማ፣ ማታ በግጥም ቢሰድበው ቂም የለም። ተረቱ ማስፈራሪያውን ከሜዳው ያወጣዋል። ያኔ ልጁም ሎሌውም ጨዋታውን እንደ ጨዋታ ይማራል።

*

ነገሩ የጥንት ብቻ አይደለም። በዛሬው ዓለም ይኸው ጥያቄ ሌላ ልብስ ለብሶ በካርታ ጨዋታ ዘንድ ይነሣል። እ.ኤ.አ በ1993 «ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» የሚባል የካርታ ጨዋታ አሜሪካ ውስጥ ወጣ። ካርታዎቹ እንደ ካርቱሽ ካርታ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ልዩ ልዩ ካርታዎች አሉ፣ በታሸገ ፓኮ ይሸጣሉ፣ ብርቅ የሆኑት በገበያ ብዙ ገንዘብ ያወጣሉ። ከአጨዋወቶቹ አንዱ «ድራፍት» ይባላል፤ የቢራው አይደለም። ስምንት ሰው ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ፓኮውን ከፍቶ አንድ ካርታ መርጦ ያስቀርና የቀረውን ለጎረቤቱ ያቀብላል። ይህ እየተደጋገመ ሦስት ፓኮ ያልቃል። ከዚያ ሁሉም ከመረጠው ካርታ ሠራዊት አሰልፎ ይዋጋል።

ሰንጠረዥን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንም፤ ወረራ ነው። ከውጊያ በፊት የሚደረግ፣ ጎረቤት ምን እንደያዘና ምን እንደተወ እያዩ የሚያሰልፉት ሠራዊት ነው። ዋናው ጥበብም ያለው እዚያ ነው።

ይህን ጥበብ ጀማሪው መማሩና አለመማሩ በሽልማቱ ሕግ ይወሰናል። ሕጉ «የመረጥከው የራስህ ነው» ካለ፣ ጀማሪው ለሠራዊቱ የሚስማማውን ትቶ በገበያ ውድ የሆነውን ካርታ ያነሣል። ውጊያውን ይሸነፋል፤ ግን ካርታውን ኪሱ ከትቶ ይሄዳል። አሰላለፍ አልተማረም፤ ዋጋ መለየት ተማረ። አንዳንድ ቡድኖች መፍትሔ አበጅተዋል። ውድ ውድ ካርታዎች በመጨረሻ ተሰብስበው በውጤት ቅደም ተከተል እንደገና ይመረጣሉ፤ መጀመሪያ የወጣው መጀመሪያ ያነሣል። ያኔ በወረራው ጊዜ ውድ ካርታ መንጠቅ ትርጉም ያጣል፤ ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ አሰላለፉ ይመልሳል። አንዲት የሕግ መስመር ተቀየረች፤ የሚማሩት ትምህርት ተቀየረ።

ሁለተኛው ጥያቄ ሽልማቱ እንዴት ይከፋፈል የሚለው ነው። ሁሉም ለአንደኛው ከተሰጠ የቀሩት ሰባት ባዶ እጃቸውን ይሄዳሉ። ልምድ ያለው ሰው ደጋግሞ ይወስዳል፤ ጀማሪው ሦስት ጊዜ ከፍሎ ሦስት ጊዜ ባዶውን ከተመለሰ አራተኛ አይመጣም። ሽልማቱ ለሁለተኛውም ለሦስተኛውም ወረድ ሲል ጀማሪው ይቆያል፤ የቆየ ደግሞ ይማራል። በእርግጥ ለሁሉም እኩል ከሆነ ደግሞ ማንም አይተጋም። ልኩን ማግኘት ነው ጣጣው።

*

ወደ ሰሜን ተራሮች እንመለስ። እዚያ የተካሄደው ጨዋታ ሽልማቱ ዙፋን ነበር።

በዘመነ መሳፍንት የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ ከታላላቆቹ ተፎካካሪዎች አንዱ ነበሩ፤ ሰሜንን ከትግሬ አጣምረው ገዝተዋል። በ1834 ዓ.ም ደብረ ታቦር ላይ ከራስ ዓሊ ጋር ገጠሙ። ድሉ የውቤ ሆነ፤ ራስ ዓሊ ሸሹ። የውቤ ሰዎች ድሉን ሲያከብሩ ግን የራስ ዓሊ ወገን ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሶ ውቤን ማረካቸው። አሸናፊው እስረኛ ሆነ። ቀጥሎ የሆነው ደግሞ የዘመኑን ሕግ ያሳያል፤ ውቤ ካሣ ከፍለው ተፈቱ፣ ወደ ግዛታቸውም ተመለሱ። ንጉሡ ብቻውን አልቀረም፤ ጠጠሮቹ እንደገና ተደረደሩ።

ይህን ሕግ ማሞገስ ቀላል ነው፤ ግን ዋጋ ነበረው። ተሸናፊ ሁልጊዜ ወደ ሜዳ ስለሚመለስ ጨዋታው አያልቅም፤ ሜዳውም የባላገሩ እርሻ ነበር። ወታደሩ ደመወዙ ዘረፋ ስለሆነ የተማረው ጠላትን መግጠም ሳይሆን ጎተራ ማግኘት ነው። መሳፍንቱ ተራ በተራ ሲሸናነፉ ያለቀው መደቁ ነው።

ከዚያ ካሣ ኃይሉ መጡ። ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ያዘጋጇት ደረስጌ ማርያም በዚያው በሰሜን ተራሮች ውስጥ ናት። በየካቲት 1847 ዓ.ም ካሣ ደረስጌ ላይ ውቤን ድል አደረጉ፤ በሁለት ቀን ልዩነት እዚያችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአቡነ ሰላማ እጅ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ዘውዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ጳጳሱ፣ ሁሉም ለአንደኛው ሆነ። ውቤ ወደ ግዛታቸው ሳይመለሱ እስረኛ ሆነው ሞቱ።

አፄ ቴዎድሮስ የሽልማትን ሕግ አስተማሪነት ከማንም በላይ የተረዱ ሰው ነበሩ። ዘረፋን ከለከሉ፤ ወታደር በደመወዝ እንዲያድር፣ ባላገር እንዲያርስ አዘዙ። ወታደሩ ሌላ ነገር እንዲማር ሌላ ሽልማት አስፈለገው፤ ሐሳቡ ትክክል ነበር። ደመወዙን የሚችል ግምጃ ቤት ግን አልነበረም፤ የተሸነፈውም ወገን የሚመለስበት መንገድ ስላልነበረው ዐመፁ አላባራም። እንደ ገረድ ያለ ሰው እጁን ቢሰጥ የሚያተርፈው ነገር አልታየውም። በመጨረሻው ዘመን ንጉሡ ራሳቸው ጎንደርን አዘረፉ። አዲሱ ሕግ በአሮጌው ሽልማት ተዋጠ።

«ወረራ» የሚለው ቃል በሰንጠረዥ ውስጥ ማሰለፍ ማለት ነበር፤ ጠጠር ሳይበላ የሚያልፍ ጊዜ። ዛሬ ለዳባትና ለደባርቅ ሰው ቃሉ ሌላ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ደርሶ ጭና ላይ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። ፖለቲካው እስከ ዛሬ ሁሉን ለአንደኛው የሚሰጥ ጨዋታ ነው፤ ሁለተኛ የወጣ እስር ቤት፣ ጫካ ወይም ስደት ይጠብቀዋል። እንዲህ ባለ ሜዳ ያደገ ፖለቲከኛ ድርድርን ከየት ይማራል? ድርድር የሚያሸልምበት ጊዜ አላየም።

*

ይኸው ሕግ በክፍል ውስጥም ይሠራል። ለብዙ ዓመታት የ12ኛ ክፍል ፈተና ሽልማቱን የሚሰጠው ለውጤቱ ነበር፤ «በማን አሸነፍክ?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ተማሪው ደግሞ ሞኝ አይደለም። መልስ የሚያቀብል ጎረቤት ማግኘት ሒሳብ ከመሥራት ካዋጣ፣ የሚማረው ጎረቤት ማግኘትን ነው። በ2008 ዓ.ም ፈተናው ራሱ አስቀድሞ ወጥቶ እስከ መሰረዝ ደረሰ።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም ሕጉ ተቀየረ፤ ተማሪዎች ከየቀያቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተፈተኑ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። አገር ደነገጠ። ብዙ ሰው ልጆቹን ወቀሰ፤ ሌላው ፈተናውን ወቀሰ። የተመለከተው ግን ጥቂት ነው፤ የቀደመው ሕግ ለዓመታት ያስተማረው ትምህርት ምን እንደነበር በአንድ ቀን ነው የታየው።

አዲሱ ሕግ ግን ሁለተኛውን ጣጣ ይዞ መጣ። 49 ያመጣና 15 ያመጣ እኩል ባዶ እጅ ከሆኑ፣ ቤተ መጻሕፍት በሌለው የገጠር ትምህርት ቤት የተማረች የሰሜን ተራሮች ግርጌ ልጅ በስምንት ሰው ድራፍት መካከል እንደ ተቀመጠ ጀማሪ ናት፤ አራተኛ ጊዜ ለምን ትመጣለች? ለ50 ለቀረቡት «ሬሜዲያል» የተባለው የማካካሻ ትምህርት መከፈቱ ይህን የተረዳ ሰው እንደነበረ ያሳያል፤ ሽልማቱ አንድ ደረጃ ወረደ። ምን ያህል ይውረድ፣ ለማን ይውረድ የሚለው ገና የሚያከራክር ነው፤ መከራከሩም ተገቢ ነው።

ሰንጠረዥ ከመኳንንቱ ጋር ጠፋ፤ ጨርቁም ጠጠሩም ዛሬ በየቤቱ የለም። ቢመለስ ደግ ነበር፤ ባይመለስም ጥያቄውን ማስቀረት ይቻላል። ሚኒስትሩ የፈተና መመሪያ ሲፈርም፣ ፓርቲው የምርጫ ሕግ ሲያረቅ፣ ባንኩ ለሠራተኛው ጉርሻ ሲመድብ፣ ወላጅ ለልጁ «አንደኛ ከወጣህ» ብሎ ብስክሌት ሲገባ፣ ሁሉም ሳያውቁት መምህር ሆነዋል። ልጁ የሚሰማው ምክሩን አይደለም፤ ብስክሌቱ በምን እንደሚገኝ ነው።

እነዚያ በቀይ ጨርቅ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። በደር ያሸነፈውን «አሸንፈሃል» ይሉትና ዝም ይላሉ። ጭብጨባቸውን የሚያስቀምጡት ለመደቁ ነው።